በታኅሣሥና በጥር ቤተሰብ ይዞ ጣና ላይ ለመዋል፦ ከዝግጅት እስከ ቤት መመለስ

ታኅሣሥ ሲገባ ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከዳንግላና ከሞጣ የሚደውልልኝ ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ልጆቹንና እናታችንን ይዘን ባሕር ዳር ልንመጣ ነው፤ ጀልባው ያሰጋል ወይ? የት የት እንውሰዳቸው? ዓሣውንስ ልጆቹ ይብሉት?» መልሱ በአንድ የስልክ ጥሪ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ እንደ ሥራው ቅደም ተከተል እዚህ ጽፌዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ። የጣናን ውሎ የሚያዝዘው ነፋስ ነው። በበጋ ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ብሎ ይቆያል፤ ፀሐይዋ የብሱን እያሞቀችው ስትሄድ ወደ ቀትር ገደማ ነፋስ ይነሣል። ጣና በስፋቱ በአገራችን አንደኛ ቢሆንም ጥልቀቱ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ፈጥኖ ይታወካል፤ ማዕበሉም አጭርና ቀጥ ያለ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን ይደበድባል። ስለዚህ ጠዋቱ ለውኃ፣ ከሰዓት በኋላው ለየብስ ነው። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ለእያንዳንዱ ሰው ሹራብ ወይም ጃኬት። በታኅሣሥና በጥር የሌሊቱ ሙቀት ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወርዳል፤ ጠዋት ጀልባ ላይ ስትሆኑ ደግሞ በፍጥነቱ የሚመጣው ነፋስ ብርዱን ያባብሰዋል። ቀን ላይ ከ25 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን።
• ለአያቶች ጋቢ። ቡሉኮ ግን ቤት ይቅር፤ ከረጠበ ክብደቱ አይቻልም፤ እስኪደርቅም ቀኑ ያልቃል።
• ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስ፣ ካልሲው ሳይቀር፣ በፌስታል ተቋጥሮ።
• ሰፊ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከላይ የምትወርደው ፀሐይ ሳታንስ ውኃው መልሶ የሚያንጸባርቀው ይጨመርበታል። ብርድ ስለተሰማችሁ ፀሐይ አታቃጥልም ማለት አይደለም።
• ለሴቶች ነጠላና ረጅም ቀሚስ፣ ለወንዶች ረጅም ሱሪ።
• በቀላሉ የሚወልቅና የሚጠለቅ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ፣ ከወፍራም ካልሲ ጋር። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ይወልቃል፤ ወለሉም ጠዋት ይቀዘቅዛል።
• ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሊትር ተኩል የታሸገ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ።
• ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን። ቅባት የበዛበት ምግብ ጀልባ ላይ ያቅለሸልሻል።
• ዝርዝር ብር። በገዳም ደጃፍ በሞባይል ልክፈል ማለት ሁልጊዜ አይሠራም።
• የአዋቂዎች ሁሉ መታወቂያ።
• ፕላስተር፣ ኦ.አር.ኤስ.፣ የአዛውንቶች የዘወትር መድኃኒት። መድኃኒቱ ሆቴል ሳይሆን ከእናንተ ጋር ይዋል።
• ለቆሻሻ የሚሆን ጠንካራ ባዶ ከረጢት።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. ቀኑን ምረጡ

የገና በዓል ታኅሣሥ 29፣ ከተራና ጥምቀት ጥር 10 እና 11 ናቸው። በእነዚህ ቀናት አልጋ ይወደዳል፣ ጀልባ ይሻማል፣ መንገዶችም ታቦታቱ ሲወጡና ሲገቡ ይዘጋሉ። የመጣችሁት ለበዓሉ ከሆነ በዓሉን በየብስ አክብሩና የጀልባውን ቀን ከበዓሉ ሁለት ወይም ሦስት ቀን አርቁት። ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ስለሆነ በማርያም ስም የተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት ሕዝብ ይበዛባቸዋል። ልጆቹ ተማሪዎች ከሆኑ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቆ ትምህርት የሚዘጋበት ሳምንት ከሁሉም ይመቻል።

የሳምንቱን ቀን በተመለከተ ከሰኞ እስከ ዓርብ ካለው አንዱን ያዙ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ፤ ቅዳሴ ላይ የደረሰ ጎብኚ ቤተ መቅደሱን ዞሮ ሥዕሎቹን ማየት አይችልም፤ ልጆች ደግሞ ቆመው መጠበቅ አይሆንላቸውም።

ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት የመንገዱን ሁኔታና በከተማው የሰዓት ገደብ መኖር አለመኖሩን ባሕር ዳር ያለ ሰው ጠይቃችሁ አረጋግጡ። ያለፈው ወር ወሬ ለዚህ ሳምንት አይሆንም።

2. ጉዞውን በቤተሰቡ ደካማ ሰው ልክ ቁረጡት

ብዙ ሰው የሚያቅደው በብርቱዎቹ ልክ ነው፤ ከዚያ አያት ይደክማሉ፣ ትንሹ ልጅ ያለቅሳል፣ ሁሉም ተኮራርፎ ይመለሳል። መጀመሪያ ትልቋን እናትና ትንሹን ልጅ አስቡ፤ ከዚያ ከሚከተሉት አንዱን ምረጡ።

አጭሩ ጉዞ ወደ ደብረ ማርያም ደሴትና ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አካባቢ ነው። ጀልባው ከከተማው ብዙ አይርቅም፤ ዕድል ከቀናችሁ ጉማሬ ከሩቅ ይታያል። ጉልበታቸው ለደከመ ሰዎችና ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ይህ ይበቃል።

መካከለኛው ዘጌ ነው። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከወረዱ በኋላ በቡናው ጫካ ውስጥ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ ዳገት አለው፣ ድንጋይም ይበዛበታል፤ በልጅ እርምጃ 20 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ያዙለት። ስድስትና ሰባት ዓመት የሞላቸው ልጆች ያለ ችግር ይወጡታል። ዳገቱ ለሚከብዳቸው አዝዋ ማርያም ለመውረጃው ትቀርባለች። ዘጌ በሦስት ወገን ውኃ የከበበው የብስ እንጂ ደሴት ስላልሆነ ውኃ ፈጽሞ የሚፈራ ሰው ካላችሁ በመኪናም ይደረሳል።

ረጅሙ፣ ደቅ ደሴት ላይ ያለው ናርጋ ሥላሴ፣ መሄጃው ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። መመለሻው ነፋሱ በተነሣበት ሰዓት ላይ ስለሚውል ከልጆች ጋር አልመክረውም።

ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ናቸው። እናትና ሴት ልጆች ጀልባ ላይ ተቀምጠው አባትና ወንድ ልጆች የሚገቡበት ጉዞ ለቤተሰብ ውሎ አይሆንም። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴቶችም የሚገቡበት ነው። ይህን ጀልባ ከመያዛችሁ በፊት እወቁት፤ ደጃፉ ላይ ደርሶ ማወቅ ሴት ልጆችን ያሳዝናል።

3. ጀልባውን ከዋዜማው ተዋዋሉ

ጠዋት ወደብ ላይ ልጅ አዝሎ መደራደር ዋጋም ያስወድዳል፣ ጸጥ ያለውን ሰዓትም ይበላል። ስለዚህ ከዋዜማው ከሰዓት በኋላ አንድ አዋቂ ሄዶ ጀልባውን በዓይኑ ይይ። ነጂውን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦

«ወንድሜ፣ ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ? መጠበቂያው ተካትቷል? ስንት ሰዓት ትጠብቀናለህ? ቤንዚኑስ ደርሶ መልስ የሚያደርስ አለህ? የልጅ ላይፍ ጃኬት አለህ? አሳየኝ።»

የመጨረሻዋን ቃል አትርሷት። «አለ» የሚለው መልስ አይበቃም፤ ጃኬቱን በእጃችሁ ያዙ፣ ማያያዣዎቹን ቆልፉና ፍቱ። የተሰበረ ማያያዣ ያለውን አትቀበሉ። ጀልባው ውስጥ መቅዘፊያ መኖሩንም እዩ፤ ሞተር ቢጠፋ ወደ ዳር የሚያደርሳችሁ እሱ ነው። የሚጭነውን የሰው ብዛት ጠይቁና ልጆችን እንደ ግማሽ ሰው ሳይሆን እንደ ሙሉ ሰው ቁጠሩ፤ ላይፍ ጃኬትና መቀመጫ የሚቆጠረው በነፍስ ነው።

ቀብድ ስጡ፤ ቀሪውን ስትመለሱ ክፈሉ። የነጂውን ስልክ ቁጥር ያዙ፣ የራሳችሁንም ስጡት። የመነሻ ሰዓቱን ጠዋት 1 ሰዓት አድርጉት። «ሁለት ተኩል ይበቃል» የሚላችሁ ሰው የመመለሻውን ነፋስ አላሰበም።

4. ላይፍ ጃኬቱን የብስ ላይ ልበሱ

ይህ እርምጃ ሊዘለል አይገባውም፤ ከሁሉም በላይ የማሳስበውም እሱን ነው። ጃኬቱ የሚለበሰው ጀልባው ከመነሳቱ በፊት፣ ሰውም ወደ ጀልባው ከመግባቱ በፊት ነው። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው መሐል ሐይቅ ላይ ሳይሆን ሲሳፈርና ሲወርድ ነውና።

ለልጅ ሲሆን ሹራቡን ካለበሳችሁት በኋላ ጃኬቱን ከላይ አድርጉለት፣ ማያያዣዎቹን ሁሉ ቆልፉ፣ ማሰሪያዎቹን አጥብቁ። ከዚያ የጃኬቱን ትከሻ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳብ አድርጉት። ጃኬቱ ከፍ ብሎ አገጩን ከሸፈነ ወይም ጆሮው ዘንድ ከደረሰ ሰፍቶታል ማለት ነው፤ ውኃ ውስጥ ልጁ ወደ ታች፣ ጃኬቱ ወደ ላይ ይሄዳል። በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ካለው እሱንም እሰሩ። አሁንም ከሰፋ ሌላ አስመጡ፤ ሌላ ከሌለ ያ ልጅ በዚያ ጀልባ አይሄድም።

ጋቢን በተመለከተ፣ ከጃኬቱ በላይ ትከሻ ላይ ይጣላል እንጂ ከሥሩ አይታጠቅም፣ አይቋጠርምም። ሰው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ጋቢው በራሱ ተንሸራትቶ መለየት አለበት፤ የታሰረ ጋቢ ውኃ ጠጥቶ ወደ ታች ይጎትታል።

እናቶች ልብ በሉ፦ በአንቀልባም ሆነ በማዘያ የታዘለ ሕፃን ጀልባ ላይ አይታዘልም። እናቱ ብትወድቅ ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ታስሮ፣ ፊቱ ውኃ ውስጥ ሆኖ ይቀራል። አውርዳችሁ ጭናችሁ ላይ ያዙት። በልኩ ላይፍ ጃኬት የማይገኝለት ጨቅላ ከሆነ አንድ አዋቂ ከእሱ ጋር ዳር ይቆይ፤ ሐይቅ ዳር ጥላ ሥር መዋልም ውሎ ነው።

5. ተሳፈሩ፣ ተቀመጡ፣ ውጡ

መጀመሪያ አንድ ብርቱ ሰው ይግባ፤ ቀጥሎ አያቶችና ልጆች እጃቸውን ተይዘው፣ የጀልባውን መሐል እየረገጡ፣ አንድ በአንድ ይግቡ። የጀልባውን ጠርዝ ከረገጡ ያዘነብላል። አያቶችን ከመሐል አስቀምጡ፤ ፊተኛው ክፍል ይነጥራል፣ ኋለኛው የሞተሩ ጭስ ይበዛበታል። ትንንሾቹ በሁለት አዋቂዎች መካከል ይቀመጡ። ከባድ ሰዎች በአንድ ወገን አይከማቹ።

ጉዞ ከተጀመረ ማንም አይቆምም። ፎቶ ለማንሳት ሁሉም ወደ አንድ ጎን ዘንበል የሚልበትን ቅጽበት ነጂዎች በጣም ይፈሩታል፤ ፔሊካን ወይም ጉማሬ በታየ ቁጥር ነው የሚሆነው። ከመነሳታችሁ በፊት ለልጆቹ «ወፍ ብታዩ በጣታችሁ አሳዩ፣ ከመቀመጫችሁ ግን አትነሱ» በሏቸው፤ ቃልም አስገቧቸው። ሆዱ የሚታወክበት ሰው ካለ ዓይኑን ከስልክና ከውኃው አንሥቶ የሩቁን ዳርቻ ይይ።

መንገድ ላይ በደንገል ታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ታገኛላችሁ። ልጆች ታንኳው ላይ መቀመጥ ይመኛሉ። አትፍቀዱላቸው። ታንኳ ሚዛኑን ለሚያውቅ ለአንድ ቀዛፊ የተሠራ ነው፤ ደንገሉም እየዋለ ውኃ ስለሚመጥጥ ይከብዳል። ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ሰላም በሉ፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ መረቡ ወዳለበትም ጀልባው እንዳይጠጋ ለነጂው ንገሩት። የሞተሩ ክንፍ የቆረጠው መረብ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው።

6. ገዳሙን በሥርዓቱ ጎብኙ

ከደጃፉ የመግቢያውን ክፈሉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የቪዲዮ ካሜራ ክፍያ ለብቻው መሆኑን ጠይቁ። ካህኑን «አባ፣ ይባርኩን» ብላችሁ መስቀል ተሳለሙና የት መግባት እንደሚቻል አስረዱን በሏቸው። ጫማችሁን በአንድ ፌስታል ሰብስባችሁ ያዙ፤ የብዙ ቤተሰብ ጫማ ሲደባለቅ ልጆች ባዶ እግራቸውን ድንጋይ ላይ ይሮጣሉ። ብልጭ የሚለውን የካሜራ መብራት አጥፉ፤ ጠንካራ ብርሃን የሥዕል ቀለምን ይጎዳል። ልጆች ሥዕሉን በጣት እንዳይነኩም አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የጣት ወዝ በቀለሙ ላይ ይቀራል።

ልጆችን ሥዕል በሥዕል ማዞር ያደክማቸዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስን ከነፈረሱ፣ ዮናስን ከነዓሣው እንደ መሳሰሉት የሚያውቁትን ታሪክ ራሳቸው እንዲፈልጉ አድርጓቸው፤ ጸጥ ብለው ይቆያሉ።

በዘጌ መንገድ ዳርና ዳር ዕቃ የሚሸጡ አሉ። ለመግዛት ካሰባችሁ ስትመለሱ ግዙ፤ ሲወጡ የገዙት ዳገቱን ሁሉ ሸክም ይሆናል። የቡና ፍሬ ከዛፍ አይቀጠፍም፤ ባለቤት አለው።

ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ ጀልባው ተመለሱ። ይህ ሰዓት አይነካ። ለአንድ ገዳም ብላችሁ የምትጨምሩት አንድ ሰዓት በማዕበል ላይ ይመለስባችኋል።

7. ምሳ፦ ዓሣውን አውቃችሁ እዘዙ

ለምሳ ቤቱ መንገድ ላይ ሳላችሁ ደውሉ። ዓሣ ተጠርጎ፣ ተጠብሶ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ የራበው ልጅ ግን አይጠብቅም።

ለልጆች ቆሮሶ እዘዙ። ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው፤ አጥንቱም ትልልቅ ስለሆነ በቀላሉ ይለያል። አምባዛም ትንንሽ አጥንት አይበዛበትም፤ ቅባትና ጠንከር ያለ ጣዕም ስላለው ግን አንዳንድ ልጅ አይወደውም። ነጭ ዓሣ የሚባለው ጣፋጭ ቢሆንም ሥጋው ውስጥ እንደ ክር የቀጠኑ አጥንቶች ተበታትነውበታል፤ ለአዋቂ እንጂ ለልጅ አይሰጥም። የትኛውንም ዓሣ ለልጅ ስትሰጡ ሥጋውን ራሳችሁ በጣታችሁ ጨፍልቃችሁ ፈትሹ። ዓይን የማያየውን አጥንት ጣት ያገኘዋል። ሲበሉ አያውሩ፣ አይሳቁ።

ከዓሣ አጥማጆች ላይ ለመግዛት ከፈለጋችሁ እንዲህ መርምሩ። ዓይኑ ጎላ ብሎ የጠራ፣ ስንጥቡ (በራሱ ጎንና ጎን ያለው መተንፈሻው) ገልጣችሁ ስታዩት ቀይ፣ ሥጋው ተጭናችሁ ስትለቁት የሚመለስ ይሁን። ዓይኑ የጎደጎደ፣ ስንጥቡ ወደ ቡናማ ያደላ፣ በጣት የተጫኑት እንደ ጎደጎደ የሚቀር ከሆነ ተዉት፤ ሎሚና ሚጥሚጣ አያድነውም። ጥሬ ዓሣ የሚወዱ አሉ፤ ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአዛውንቶች ግን አትስጡ። የዓሣ ጥገኛ ትላትልን የሚገድለው በደንብ ማብሰል ነው።

ጉዟችሁ ከገና በፊት ከሆነ ጾመ ነቢያት ላይ ትውላላችሁ። በጾም ዓሣ የሚበላ ቤተሰብ አለ፣ የማይበላም አለ። ማዕድ ላይ ክርክር እንዳይነሣ ትልልቆቹን አስቀድማችሁ ጠይቁና ምግብ ቤቱን ሽሮም የሚሠራ አድርጉት።

8. ከሰዓት በኋላውን የብስ ላይ አሳልፉ

አዛውንቶች አንድ ሰዓት ጋደም ይበሉ። ልጆቹ በሐይቁ ዳር መንገድ በእግር ወይም በኪራይ ብስክሌት ይንሸራሸሩ፤ ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ለብስክሌት ጀማሪ ትመቻለች። ወደ 11 ሰዓት ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ። ከዚያ ሆኖ ከተማው፣ ሐይቁና ዓባይ አንድ ላይ ይታያሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅም ከዚያ ሆኖ ማየት ይቻላል። በአካባቢው ቤተ መንግሥት ስላለ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጥበቃዎቹን ጠይቁ።

ሁለተኛ ቀን ካላችሁ ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለልጆቹ «ትልቅ ፏፏቴ ታያላችሁ» ብላችሁ ከመማላችሁ በፊት ግን ጠይቁ። ፏፏቴው የሚሞላው ከክረምት በኋላ፣ እስከ ጥቅምት ድረስ ነው፤ በበጋ ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫዎቹ ስለሚዞር ሊሳሳ ይችላል። የድንጋዩ ድልድይና የእግር መንገዱ ብቻቸውን ደስ የሚሉ ናቸው፤ ሳይጠይቁ ለሄዱ ግን የልጆች ቅሬታ አይቀርም።

ማስጠንቀቂያዎች

ጉማሬ። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ወጥቶ ሣር ይግጣል። ስለዚህ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላና ጎሕ ሲቀድ በዓባይ ዳር ሣርና ቁጥቋጦ ውስጥ በእግር አትሂዱ። በእሱና በውኃው መካከል መቆም ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሲደነግጥ ወደ ውኃው የሚሮጠው በላያችሁ ነው። ነጂው «ልጠጋላችሁ» ቢል እምቢ በሉ።

ቢልሃርዝያ። በሐይቁ ዳር፣ በተለይ ሣር ባለበትና ውኃው በማይንቀሳቀስበት ሥፍራ፣ ቢልሃርዝያ የሚባለውን የጥገኛ ትል በሽታ የሚያሸጋግሩ ቀንድ አውጣዎች አሉ። ከእነሱ የሚወጣው ተባይ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፤ ውኃውን መጠጣት አያስፈልገውም። ልጆች እግራቸውን እንዳይነክሩ፣ እንዳይዋኙም። ኳስ ውኃ ውስጥ ከገባ ኳሱ ይቅር። ልጁ ገብቶ ከተገኘ ወዲያው አውጥታችሁ በደረቅ ፎጣ አጥብቃችሁ አድርቁት፤ ይህ ግን ሙሉ መከላከያ ስላልሆነ በመጨረሻ የጻፍኩትን የሰገራ ምርመራ አትተዉ።

ወባ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ወባ የሚበዛበት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ እጅጌ ረጅም ልብስና ካልሲ አልብሱ፤ አልጋ ስትይዙ አጎበር መኖሩን እዩ።

ነፋስ። ጠዋቱን ውኃው ላይ ነጭ አረፋ ከታየ አትውጡ። ቀብዱ ይቅር። ነጂው ራሱ «ዛሬ አይሆንም» ካለ ደግሞ አታግባቡት፤ ውኃውን ከእናንተ በላይ ያውቀዋል።

ቆሻሻ። የሙዝ ልጣጭ እንኳ ሳይቀር በያዛችሁት ከረጢት ይመለስ። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበ ሐይቅ ነው፤ ከዚያም በላይ በዳርቻው የሚኖረው ሕዝብ ከዚሁ ውኃ ይጠጣል፣ ከዚሁ ያጠምዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳታቸው

ቁርስ ተቀምጦ መብላት የመነሻውን ሰዓት ይገፋዋል። ጠዋት ሻይና ዳቦ ይበቃል፤ ቀሪው ጀልባ ላይ ይበላል።

በአንድ ጠዋት ሦስት ገዳም ማየት የሚፈልጉ አሉ። አንድ ቦታ በደንብ ያዩ ልጆች ሲያድጉ ያስታውሱታል፤ ሦስቱን በሩጫ ያዩት ግን ያደባልቁታል። አንድ ገዳም፣ ቢበዛ ሁለት።

«እናቴ ዳገቱ ይከብዳታልና ጀልባው ላይ ትቆየን» የሚሉም አሉ። ጥላ የሌለው ጀልባ ላይ ሁለት ሰዓት ፀሐይ መቀመጥ ከዳገቱ የባሰ ነው። አንድ ሰው አብሯቸው ሆኖ መውረጃው ላይ ካለው ዛፍ ሥር፣ ቡና ከሚፈላበት ቤት ያሳርፋቸው።

ዓሣ ገዝቶ በፌስታል አንጠልጥሎ እስከ ደብረ ማርቆስ መውሰድም የተለመደ ነው። ዓሣ ያለ በረዶ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም። ለመውሰድ ከፈለጋችሁ ሆድ ዕቃውና ስንጥቡ ወጥቶ ይታጠብ፤ ፈጥነው የሚበላሹት እነሱ ናቸውና። ከዚያ ከላይም ከታችም በረዶ አድርጋችሁ በሚከደን የማቀዝቀዣ ሣጥን ያዙት። ሣጥን ከሌላችሁ በደንብ የደረቀ የዓሣ ቋንጣ ግዙ።

ስልክን ከጀልባው ጠርዝ ውጭ ዘርግቶ መቅረጽም አለ። ማሰሪያ አድርጋችሁ አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሉት፤ የወደቀ ስልክ ለመያዝ የሚወረወር ሰው ከስልኩ በላይ ያስፈራል።

9. ቤት ከገባችሁ በኋላ

በተመለሳችሁ በአንድ ወር ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ከባድ ራስ ምታት የያዘው ሰው ካለ በቤት መድኃኒት አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱና «ባሕር ዳር ነበርን» ብላችሁ ተናገሩ። ደጋ አገር ያለ ባለሙያ ይህን ካልነገራችሁት ወባን ላያስብ ይችላል። እግሩን ውኃ ውስጥ የነከረ ልጅ ካለ ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ የሰገራ ምርመራ አስደርጉለት። ከዚያ በፊት ቢመረመር ተባዩ ገና እንቁላል ስለማይጥል ምርመራው ላያገኘው ይችላል። ቀኑን ከአሁኑ በግድግዳው ካላንደር ላይ አክብቡት።